ዝገቱን አትንኪው

ጸጥታ ሞተር ሳይክሉን ከግቢ ያወጣችው እየገፋች ነበር። የፊቱ ጎማ አየር ስለጎደለው እንደ ሰነፍ ተማሪ ወደ ኋላ ይጎትታታል። እሷ ግን አልተማረረችም። ከአምና ወዲህ የሚያማርራት ነገር የለም። በቀደም ዕለት የጋለ ካውያ ጣቷን ሲጠብሳት እንኳ የነቃችው ቆዳዋ ሲሸታት ነው።

ጸጥታ ቅጽል ስሟ ነው። ያወጣላት ታናሽ ወንድሟ ነበር። እሱን ደግሞ ሰፈሩ በሙሉ ፌንጣ ይለው ነበር፤ አንድ ቦታ ቁጭ ማለት የማይሆንለት፣ ምሳውን ሳይቀር ቆሞ የሚበላ ልጅ። ሞተሩ የፌንጣ ነው። አምና አንድ ጠዋት በዚሁ ሞተር ወደ ሥራው ሲሄድ ቁልቁለቱ ላይ ወደቀ። ሞተሩ ጎኑ ከመፋቁ በቀር ምንም አልሆነም። እሱን ግን የመንገዱ ጠርዝ ራሱን መታው፤ አልተነሳም።

ሞተሩን ያነሱት ሰዎች ከፊት እግሩ፣ ጎማውን ከያዘው ቱቦ፣ ዘይት ሲንጠባጠብ አዩ። ግቢ ሲገባ እናትየውም የፊቱን ጎማ ዘይት ሸፍኖት አዩ። ከለቀስተኛው መሀል አንዱ «ዘይቱ ፍሬኑን ነክቶት ነው» አለ። ማን እንደሆነ ዛሬ የሚያስታውስ የለም፤ ወሬው ግን ሥር ሰደደ። ምክንያቱም ፌንጣ ከመሞቱ በፊት በነበረው ቀን ያንኑ ዘይት ሊያሠራ መካኒክ ጋ ሄዶ፣ መካኒኩ «ነገ ና» ብሎ መልሶታል። ይህን ሁሉም ያውቃል።

መካኒኩ ለምን «ነገ ና» እንዳለ የሚያውቁት ግን ጸጥታና መካኒኩ ብቻ ነበሩ። ቢያንስ ለእሷ እንደዚያ ይመስላት ነበር። ጋራዡን በጊዜ ዘግቶ ከእሷ ጋር ሻይ ሊጠጣ ነበር።

ያን ቀን ካፌው በረንዳ ላይ፣ ብርጭቆውን በሁለት እጁ ይዞ ሲያያት፣ ጥፍሮቹ ለመጀመሪያ ጊዜ ንጹሕ እንደሆኑ አይታ ሳቋን በመዳፏ ሸሸገችው። ከዚያ ወዲህ ሻይ በጠጣች ቁጥር ያንን ሳቅ ታስታውሳለች፤ ሻዩም ምንም አይጣፍጣትም።

አሁን እናትየው ሞተሩ ይሸጥ አሉ። ገዢ ተገኘ፤ ገዢው ደግሞ የሚያፈሰው ዘይት ይሠራልኝ አለ። እናትየው «መካኒክ ጋ ውሰጂው» ሲሉ የትኛው መካኒክ እንደሆነ አልተናገሩም። ጸጥታም አልጠየቀችም። ዋናው መንገድ ላይ ደርሳ ወደ ቀኝ መታጠፍ ሲገባት ወደ ግራ ታጠፈች፤ ስትታጠፍም ልቧ ከወትሮው ፈጥኖ አልመታም። ይህ ነው ያስፈራት።

* * *

የመካኒኩ ስም ግራሶ ነው፤ ማለትም ሰው ሁሉ የሚጠራው እንደዚያ ነው። ግራሶው፣ ያ የማሽን ቅባት፣ ከክንዱ አይለቅም። ከጋራዡ ጎን ጎማ የሚለጥፍ ጎሚስታ አለ፤ መንደሩ ውስጥ ከእሱ አፍ ያመለጠ ሰው የለም። ጸጥታን ከሩቅ ሲያያት ዘሎ ተነሳ።

«እንዴ! ራጇ! ምነው ጠፋሽብን? የሚያነሳን አጥተን አንጀታችን ምን እንደመሰለ ሳናውቅ ከረምን እኮ!»

እሷ የምትሠራው ሆስፒታል ራጅ ክፍል ነው። በደህናው ጊዜ የተበላሹ ፊልሞችን ለግራሶ ታመጣለት ነበር። የሞተር የፊት እግር፣ አሞርዛተሩ፣ ዘይት ማንጠባጠብ ሲጀምር፣ አንዳንዴ ጥፋቱ የገባው አሸዋ ብቻ ነው። ግራሶ ከፊልሙ ቀጭን ቁራጭ ይቀድና፣ ጫፉን እንደ መንጠቆ አድርጎ፣ ዘይቱን በሚያግደው ጎማ ሥር እያዞረ አሸዋውን ይጠርገዋል። ሌላዋ ለፍቅረኛዋ ሽቶ ስትገዛ፣ እሷ የማታውቀውን ሰው ጎድን በጋዜጣ ጠቅልላ ትወስድ ነበር። ፌንጣ በዚህ ሆዱን ይዞ ይስቅ ነበር። እናትየው ግን ዕድሜያቸውን በሙሉ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ሆነው የኖሩ ሴት ናቸውና፣ «እጁ የማይጠራ ሰው ደጄን አይረግጥም» ብለው ነገሩን ቆረጡት። ከፌንጣ ወዲህ ደግሞ ስሙን መጥራት ተዉ። «ያ» ይሉታል።

ጎሚስታው ሞተሩን ሲያይ ሳቁ አፉ ላይ ቀረ። ቀስ ብሎ ተመልሶ የጎማ ቀዳዳ የሚፈልግበት ባልዲ ፊት ተቀመጠ፤ አፍንጫውንም ውሃው ውስጥ ሊደፋው ምንም አልቀረውም።

ግራሶ ከውስጥ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ወጣ። ሞተሩን አየ። እሷን አየ። ከስቷል። ዓይኖቻቸው ተገናኙና ሁለቱም ወዲያው ሞተሩን ማየት ጀመሩ።

«ምን ሆኖ ነው?» አላት፤ ለማንም ደንበኛ እንደሚለው።

«ዘይት ያፈሳል። ሊሸጥ ነው።»

«ሌላ ጋራዥ አጣሽ?»

«አላጣሁም።»

ጨርቁን አጣጠፈው። እንደገና ዘረጋው።

«እናትሽ ያውቃሉ?»

«መካኒክ ጋ እንደሄድኩ ታውቃለች።»

«ጸጥዬ...» አለና አቆመ። በዚህ ስም የሚጠሯት ሁለት ሰዎች ነበሩ። ከአምና ወዲህ ማንም አልጠራትም። አንድ ነገር ይሰማኛል ብላ ቆማ ጠበቀች፤ በሌላ ሰው ደጅ የሚንኳኳ በር የሰማች ያህል ብቻ ሆነባት።

«አስገቢው» አለ ግራሶ።

* * *

ሞተሩን በሳጥን ላይ አሳርፎ የፊቱን ጎማ ከመሬት አነሳው። ከዚያ ተቀመጠ፤ ብዙ ጊዜም ምንም ሳይነካ ተቀመጠ። ዓመት ሙሉ ይህ ሞተር በሕልሙ እየመጣ ዘይት ሲያንጠባጥብበት ኖሯል። በዓይኑ ግን አላየውም።

«የትኛው እግሩ ነው የሚያፈሰው?» አላት።

«አላውቅም። እማዬ ጎማው ዘይት ሆኖ ነበር ነው የምትለው። ከዚያ ላስቲክ አለበስነው። ክረምቱን ሙሉ ላስቲኩ እየተቀደደ ዝናብ ገብቶበታል። ማንም አልነካውም።»

በግራ በኩል ነበር የተቀመጠው። የግራው አሞርዛተር ከላይ እስከ ታች በዘይትና በአቧራ ተለብጧል፤ ጥቁሩ ልባጥ ቸርኬው ድረስ ወርዷል። ጣቱን አስነካና አሸው። ዓይኑን ጨፈነ። ጸጥታ ፊቱን እያየችው ነበር። የፈራውን ነገር እንዳገኘው ገባት።

«አለ» አለ። «ዘይቱ አለ።»

«እንዳለማ እናውቃለን።»

«አዎ። እናውቃለን።» ካቻቢቴውን አነሳ፤ መልሶም አስቀመጠው።

«ለምንድነው አንድ ቀን እንኳ ያልመጣኸው?» አለችው። ድምፅዋ ሰዓት የምትጠይቅ እንጂ ሌላ አይመስልም። «ለቅሶ አልደረስክም። አንድ ቃል አልላክህም።»

«መጥቼ ነበር። ከበሩ ማዶ ቆሜ ተመለስኩ። ምን ብዬ ልግባ? ነገ ና ብየዋለሁ እኮ።» ቀና አላለም። «አንቺ ትጠሪኛለሽ ብዬ ጠበቅሁ። ሳትጠሪኝ ስትቀሪ ፈረድሽብኝ አልኩ።»

«እኔ ደግሞ ዝም ስትል ጥፋቱን አመንክ ብዬ።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን በዚህ ቃል አንዳቸው ያለቅስ ነበር። ጎሚስታው ውጭ ጎማ እየነፋ ነበር፤ የመንፊያውን ድምፅ ሁለቱም እስኪያልቅ አዳመጡት።

እጇን ሥራ ለማስያዝ ስትል ከጠረጴዛው ላይ ደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት አነሳች። ወደ ቀኝ በኩል ዞረች። የፍሬኑ ዲስክ እዚያ ነው፤ እንደ ድስት ክዳን ክብ ሆኖ ከጎማው ጋር የሚዞረው ብረት። ከዳር እስከ ዳር ቀይ ዝገት ወርሶታል። ገዢው ሲያየው ፊቱን ያዞራል ብላ አሰበች። ወረቀቱን አሳርፋ መፈተግ ጀመረች። አውራ ጣት የሚያህል ቦታ ነጣ።

«ምንድነው የምትፈትጊው?» አለ ግራሶ ከወዲያ ማዶ።

«ዲስኩን። ዝጓል።»

 ያነሳው መፍቻ ከእጁ ሲወድቅ ሰማች።

«ዝገቱን አትንኪው!»

እንዲህ ጮሆባት አያውቅም። ወረቀቱ ከእጇ ወደቀ። ሞተሩን ዞሮ መጣና በጉልበቱ ተንበረከከ፤ ፊቱን ዲስኩ ላይ ሊለጥፈው ምንም አልቀረውም። ጎማውን በእጁ ቀስ አድርጎ አዞረው። ሙሉ ዙር። እንደገና አዞረው።

«ሁሉም ዝጓል» አለ።

«አልኩህ እኮ።»

«አይ፤ አልገባሽም።» እጇን ያዘ፤ ዓመት ሙሉ ያልያዘውን እጅ እንደያዘ እንኳ አላስተዋለም። ወደ ግራ ጎን ጎትቶ ወሰዳትና ከአሞርዛተሩ ሥር አንዲቱን ቡሎን በጨርቅ ጠረጋት። ከጥቁሩ ልባጥ ሥር ቡሎኗ እንደ አዲስ አበራች። «አየሻት? ያው ዝናብ፣ ያው ክረምት። ዘይት የነካው ብረት አይዝግም። ያኛው ዲስክ ዘይት ቢያገኘው ኖሮ ዛሬ እንደዚህች ነበር የሚሆነው። የሚያፈሰው ግራው ነው፤ ፍሬኑ በቀኝ ነው። ዘይቱ ወደዚያ አልተሻገረም።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«ቆይ።»

ፍሬኑን ፈታ። ዓይኑን ጨፍኖ የሚፈታውን ነገር መፍቻው እየተንሸራተተበት ታገለው። ዲስኩን ግራና ቀኝ ነክሰው የሚያቆሙትን ሁለቱን የፍሬን ሸራዎች አወጣ። ሸራ ዘይት ከነካው ይጠጣዋል፤ ሺህ ጊዜ ቢታጠብ አይለቅም። በጥፍሩ ሲፍቃቸው ደረቅ ዱቄት ረገፈ።

«ፍሬኑን ዘይት አልነካውም» አለ።

«ታዲያ ለምን ወደቀ?»

«አላውቅም።» የግራውን እግር ነቅሎ ዘይቱን ጣሳ ውስጥ ደፋው፤ አይቶም ራሱን ነቀነቀ። «አብዛኛው አለ። በዚህ ምክንያት መሪው አይስትም። ድንጋይ ይሁን፣ ውሻ ይሁን፣ አላውቅም ጸጥዬ። የማላውቀውን አልነግርሽም።»

እፎይ እላለሁ ብላ ነበር። ዓመት ሙሉ በልቧ የለመነችው ይህን አልነበር? ነገር ግን ምንም አልመጣም። እስከ ዛሬ የፌንጣ ሞት ባለቤት ነበረው፤ አንድ ስህተት፣ አንድ ሻይ፣ አንድ «ነገ»። አሁን ባለቤቱ ሄደ፤ ሞቱ ብቻውን ጋራዡ መሀል ቀረ። ግራሶም ሸራዎቹን በመዳፉ ይዞ እንደ እሷ ፈዝዞ ቆመ። ነጻ የወጣ ሰው ሳይሆን፣ የተሸከመውን አውርዶ ወዴት እንደሚሄድ የጠፋው ሰው ይመስል ነበር።

* * *

«ግራሶ!» አለ ጎሚስታው ከውጭ፣ እንደ ተማሪ ድምፁን ቀንሶ። «ዳይሬክተሯ!»

ሦስቱም ሳያስቡት ቀጥ ብለው ቆሙ። እናትየው በር ላይ ነበሩ። ጥቁር ሻርፓቸውን ትከሻቸው ላይ ጥለው፣ ቦርሳቸውን በሁለት እጃቸው ደረታቸው ላይ ይዘዋል። ሰፈር ውስጥ አንድ ሰው ጸጥታን ወደ ግራ ስትታጠፍ አይቷታል ማለት ነው።

«መካኒክ ስልሽ ይሄን ማለቴ ነበር?» አሉ።

ጸጥታ የወደቀውን ብርጭቆ ወረቀት ከመሬት አነሳች።

«አንቺን እኮ ነው! ያንን ሞተር እዚህ ከምታስገቢው ገደል ብትከቺው ይሻለኝ ነበር። እዚህ? ከዚህ ሰውዬ እጅ?»

ግራሶ አንገቱን ደፋ። «እርስዎ ይዩት እንጂ እኔ ምንም አልልም» አለ።

«ምኑን ነው የማየው?»

«እማዬ» አለች ጸጥታ። «እጅሽን ስጪኝ።»

እናትየው ልጃቸው ላይ አፈጠጡ። ጸጥታ እናቷን በነገር መሀል አቋርጣ አታውቅም። ሳይወዱ በግድ መዳፋቸውን ዘረጉ፤ ልጃቸው የፍሬን ሸራውን አኖረችበት። ዲስኩን አሳየቻቸው፤ ቡሎኗንም አሳየቻቸው። ግራሶ የነገራትን ነገር አንድም ሳትጨምር፣ ሳትቸኩል ደገመችላቸው። እናትየው ሲሰሙ ሸራውን በአውራ ጣታቸው ያሹት ነበር። የወጣው ዱቄት ጣታቸው ላይ ቀረ። ያንን ዱቄት በሁለት ጣታቸው አሹት፤ ዕድሜ ልካቸውን ከሰሌዳ ፊት ሲወጡ ጠመኔ እንደሚያሹት። ደረቅ ነው። ለዚህ መካኒክ መሆን አያስፈልግም።

በሩ አጠገብ ያለ ባዶ ሳጥን ላይ ቁጭ አሉ።

«ታዲያ ማንን ልጥላ?» አሉ። ክፋት የለበትም። የጠፋበትን ዕቃ እንደሚጠይቅ ሰው ነው።

«እኔን» አለ ግራሶ። «ነገ ና ያልኩት እኔ ነኝ። እሱ አልተለወጠም።»

«ነገ ና ያለው ከእኔ ጋር ሻይ ሊጠጣ ነው» አለች ጸጥታ።

ቃሉ ከአፏ ሲወጣ እናቷ እንዲጮሁ ጠበቀች። እናትየው ግን ሻርፓቸውን ከጫፉ ጀምሮ መጠቅለል ያዙ።

«አውቃለሁ» አሉ።

«ምን?»

«አውቃለሁ አልኩሽ። ያን ቀን አመሻሹ ላይ ወንድምሽ እየሳቀ ገባ። 'እማዬ፣ ግራሶ አባረረኝ እኮ! ፊቱን በሳሙና ታጥቦ፣ ጥፍሩን በካቻቢቴ ሲፈቀፍቅ ደረስኩበት። ጸጥዬን ሻይ ሊጋብዛት ነው። ዘይቱ ነገም ይፈሳል፤ እሱን ግን እንዲህ ታጥቦ ዳግመኛ አናገኘውም፣ ብዬ ትቼው መጣሁ' አለኝ። እግሩን አንስቶ እስኪጥል ሳቀ። ከዚያ መጥቶ ትከሻዬን ያዘኝና 'እማዬ፣ ተያቸው በናትሽ፤ እሷ እኮ ከእሱ ጋር ስትሆን ታወራለች' አለኝ።»

 ጎሚስታው በሩ ጥግ ቆሞ ኮፍያውን አውልቋል።

«ውጣ ከፊቴ አልኩት። ጠዋት ሲወጣ አኩርፌዋለሁ። በሩ ላይ ቆሞ 'ደህና ዋይ' አለኝ። ሰምቼዋለሁ። ደህና ዋል አላልኩትም።» ሻርፓቸው ተጠቅልሎ አለቀ፤ ፈትተው እንደገና ጀመሩት። «ፍሬኑ ነው ሲሉኝ... ፍሬኑ ነው ስላሉኝ ነው እስከ ዛሬ የኖርኩት።»

ግራሶ ቀና ብሎ አያቸው። ሊናገር ከንፈሩን ሲከፍት ጸጥታ አየችው፤ በዓይኗም ከለከለችው። ሄዶ በብርጭቆ ውሃ አምጥቶ ሳጥኑ ጫፍ ላይ፣ እጃቸው ከሚደርስበት አኖረላቸው። እናትየው ውሃውን አዩት። ለብዙ ጊዜ አዩት። ከዚያ አንስተው ጠጡ።

* * *

ሥራው ግን ሥራ ነው፤ ሞተር ተፈትቶ አያድርም። ግራሶ የአሞርዛተሩን ዘንግ ስቦ አወጣው፤ አሮጌው ፓራኦልዮ፣ ማለት ያ ዘይት የሚያግደው ቀለበት፣ ተሰንጥቆ ወጣ። ዘንጉን በጥፍሩ ከላይ እስከ ታች ዳበሰው። አንድ ቦታ ጥፍሩ ያዘ። የጤፍ ፍሬ የማታህል ጭረት ናት፤ ቀለበቱን ስትቆርጥ የኖረችው እሷ ነች። በደቃቁ ወረቀት ዘይት እያስነካ አለሰለሳት።

«አሁን የሚይዝልኝ ሰው እፈልጋለሁ» አለ። ለማን እንዳለው አልተናገረም።

ጸጥታ ተንበርክካ የአሞርዛተሩን እግር በሁለት እጇ ጨብጣ አቆመችው። ግራሶ አዲሱን ቀለበት አስገባ፤ በላዩ ላይ አሮጌውን ደረበበት፤ መዶሻው አዲሱን እንዳይጎዳው ድብደባውን የሚቀበለው አሮጌው ነው። በእንጨት መዶሻ ዙሪያውን ቀስ እያለ መታው። በመታ ቁጥር ንዝረቱ በእጇ ወደ ክንዷ ወጣ። ፊታቸው በጣም ተቀራርቦ ነበር። አልተያዩም። መተያየት አላስፈለጋቸውም።

የእናትየው ስልክ ጮኸ።

«አቤት... አዎ፣ እኔ ነኝ። ሞተሩ?» እናትየው ሁለቱን አዩ፤ መሬት ላይ ተንበርክከው አንዲት ብረት የያዙትን አራት እጆች አዩ። «አይ፣ ዛሬ አይሆንም። ነገ...»

ቃሉ ላይ ቆሙ። መዶሻውም ቆመ። ጋራዡ ውስጥ ያሉት ሁሉ ያንን ቃል ሰሙት፤ እናትየውም ከራሳቸው አፍ ሰሙት።

«ነገ ይደውሉ» አሉ ቀስ ብለው። «የልጄ ነው። እስቲ ነገ እናስብበት።»

ስልኩን ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱ፤ ከሳጥኑ ላይ ግን አልተነሱም።

ግራሶ አሮጌውን ቀለበት አውጥቶ ጣለው። ዘንጉን መለሰ፤ አዲስ ዘይት ከላይ ማፍሰስ ጀመረ። ዘይቱ ከአሞርዛተሩ አፍ አልፎ በጸጥታ ጣቶች ላይ ወረደ፤ ካውያው በተወው ቁስል ላይ አልፎ፣ በመዳፏ በኩል፣ ወደ እጅጌዋ ገባ።

ትንፋሿን ሳበች።

«ምነው? ምን ሆንሽ?»

«ቀዝቃዛ ነው» አለች። ተገርማ እጇን አየችው። «ይቀዘቅዛል እኮ።»  አምና ያልወጣው እንባ ያለ ድምፅ፣ ያለ ችኮላ ወረደ።

«ጨርቅ ላምጣልሽ?»

«ተወው» አለች። «ትንሽ ይቆይ።»